ጋርቬይን ጋርቬይ ያደረገው መንገድ ነው፦ ከሊሞን ሙዝ እርሻ እስከ ለንደን

ባሕር ተሻጋሪ ጻፈ፦

ሰላም የቤቱ ሰዎች። የዓለምን ጥቁሮች በአንድ ማኅበር ላሰባስብ ብሎ ስለተነሳው ጃማይካዊ፣ ስለ ማርከስ ጋርቬይ ወሬ ሲነሳ ሁሌ ከኒውዮርኩ የጥቁሮች ሰፈር ከሃርለም ነው የምንጀምረው። ሰልፉ፣ ባለ ላባው ባርኔጣ፣ ብላክ ስታር ላይን የተባለው የመርከብ ኩባንያ። እኔን ግን የሚይዘኝ ከዚያ በፊት ያለው ታሪክ ነው። ጋርቬይ ኒውዮርክ የገባው በመጋቢት 1916 ነው (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ያኔ 28 ዓመቱ ነበር። ማኅበሩን፣ ዩኒቨርሳል ኔግሮ ኢምፕሩቭመንት አሶሲዬሽን (UNIA) የተባለውን፣ ግን ከሁለት ዓመት ገደማ በፊት ጃማይካ ላይ አቋቁሞታል። ሃሳቡን ያገኘው አሜሪካ አይደለም ማለት ነው። መንገድ ላይ ነው ያገኘው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1910 ከኪንግስተን ተነስቶ ወደ ኮስታሪካ ተሻገረ። እዚያ አጎት ነበረው። በአጎቱ በኩል ሊሞን በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ የአሜሪካኖቹ ዩናይትድ ፍሩት ኩባንያ የሙዝ እርሻ ላይ ሥራ ገባ። ሥራው ታይምኪፐርነት ነው። ሳይት ላይ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ። ማን ገባ፣ ማን ቀረ፣ ስንት ሰዓት ሠራ ብሎ መዝገብ የሚይዘው ሰው ነው።

እስቲ አስቡት። ከፊቱ የሚቆሙት ሠራተኞች አብዛኞቹ የሱው አገር ልጆች ናቸው። ጃማይካውያን ወደ ሊሞን የሄዱት ከ1870ዎቹ ጀምሮ የባቡር ሐዲድ ለመዘርጋት ነው። ሐዲዱ ሲያልቅ ሙዙ ላይ ቀሩ። ኩባንያው ባቡሩንም፣ ወደቡንም፣ የሠራተኛውን ሱቅም በእጁ አድርጓል። ሰውየው የሚከፈለው ከኩባንያው ነው፤ የሚያወጣውም ለኩባንያው ነው። ይህን ሂሳብ ከማንም በላይ የሚያየው ያ መዝገብ ያዥ ነው። ጋርቬይ የሰዎቹን ጉልበት በሰዓት እየቆረጠ ሲጽፍ ነው የባነነው።

ዝም አላለም። ሊሞን ከተማ ላይ ላ ናሲዮን የምትባል ትንሽ ጋዜጣ ጀመረና ኩባንያውን መተቸት ያዘ። ጋዜጣዋ ብዙ አልቆየችም። ሠራተኞቹ የእንግሊዝ ተገዢዎች ስለነበሩ የእንግሊዝ ቆንስል ዘንድም ሄዶ አቤት አለ። በቤተሰቡ ትረካ መሠረት ቆንስሉ ‘ምንም ላደርግ አልችልም’ ብሎ ነው የሸኘው። ለእኔ የታሪኩ ቁልፍ ይህ ነው። ወረቀቱ የእንግሊዝ ሰው ነህ ይለዋል። ሲበደል ግን አለሁ የሚለው እንግሊዝ የለም።

ከዚያ ፓናማ። ቦዩ ገና እየተቆፈረ ነው። እዚያ ደግሞ ነገሩ በሕግ ተጽፎ አገኘው። ነጩ አሜሪካዊ በወርቅ ይከፈለዋል። ከካሪቢያን የመጣው ጥቁር በብር ይከፈለዋል። ደመወዙ ብቻ አይደለም የተለያየው። መኖሪያው፣ ሱቁ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የፖስታ ቤት መስኮቱ ሳይቀር ‘ወርቅ’ እና ‘ብር’ ተብሎ ተከፍሏል። በአሜሪካኖቹ የቁፋሮ ዘመን በመዝገብ የሰፈረው ሟች 5,609 ነው። ከነዚህ ውስጥ 4,500 ያህሉ ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ናቸው። ጋርቬይ ኮሎን ከተማ ላይም እንደገና ጋዜጣ ሞከረ።

ሆንዱራስን፣ ኢኳዶርን፣ ኮሎምቢያን፣ ቬኔዙዌላን አለፍ አለፍ ብሎ ነው ያያቸው። በየሄደበት ያው ጃማይካዊ፣ ያው ባርቤዶሳዊ፣ ያው ጭቃ ውስጥ ነው። ኪንግስተን ላይ ቢቀር ኖሮ ‘አሠሪዬ ክፉ ነው’ ብሎ ያልፈው ነበር። አምስት ስድስት አገር ላይ አንድ ዓይነት ነገር ያየ ሰው ግን እንዲህ ብሎ ማለፍ አይችልም።

በ1912 ለንደን ገባ። ያንን ነገ እጨምራለሁ። እስከዚያ እናንተ ምን ትላላችሁ?

ጋሽ ቀለሙ ጻፉ፦

ልጄ፣ ጥሩ ጽፈሃል። ግን ከመሃል ነው የጀመርከው። ጋርቬይ ከመንገደኛነቱ በፊት ማተሚያ ቤት ያደገ ልጅ ነው። እኔ በወጣትነቴ አዲስ አበባ ፊደል ለቃሚ ስለነበርኩ ይህን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

በ14 ዓመቱ ገደማ ነው ሴንት አንስ ቤይ በምትባለው የትውልድ ከተማው የክርስትና አባቱ ማተሚያ ቤት ሙያ ልማድ የገባው። ኋላ ኪንግስተን ሄዶ ፎርማን ሆነ። በ1908 መጨረሻ የአታሚዎች ማኅበር አድማ መታ። ፎርማን ማለት የአሠሪው ሰው ነው፤ ሊያድም አይጠበቅበትም። እሱ ግን ከሠራተኛው ጋር ወጣ። አድማው ከሸፈ፤ ሥራውንም አጣ። የቆንስሉን በር ከማንኳኳቱ በፊት ይህን ቀምሷል።

ሌላም ነገር አለ። ፊደል ለቃሚ የሚለቅመውን ሁሉ ያነባል፤ ያውም ፊደሉ ተገልብጦ። እርሳሱን አንድ በአንድ እያነሳህ ስትደረድር ጽሑፉ በጣትህ ነው የሚገባው። እኔ ያነበብኩትን ግማሹን ያነበብኩት እንደዚያ ነው። ጋርቬይ የረገጠበት አገር ሁሉ ጋዜጣ የሚያቋቁመው ለምን ይመስልሃል? ሌላው ስደተኛ ያየውን በልቡ ይዞ ይቀራል። እሱ ግን ማተም ይችላል። ሊሞን አተመ፣ ኮሎን አተመ፣ በኋላ በ1918 ሃርለም ላይ ኔግሮ ወርልድን አተመ። ያችን ጋዜጣ በስፓኒሽና በፈረንሳይኛ ገጾች ጭምር ነበር የሚያወጣት። ስፓኒሽ አንባቢ እንዳለው ከየት አወቀ? ከሊሞንና ከኮሎን ነዋ! እዚህ ላይ ከአንተ ጋር ነኝ።

እህተ ብዙ ጻፈች፦

የቆንስሉን ነገር ሳነብ እጄ ቆመ። እኔ አንድ የዓረብ አገር ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ደመወዝ ሲከለከለኝ ይመለከተዋል ወደተባለው ቢሮ ሄድኩ። በር ላይ ያለው ሰው ፓስፖርትሽ የት አለ አለኝ። አሠሪዬ ጋ ነው አልኩት። ‘እንግዲያው አምጪው’ አለኝ። እዚያ በር ላይ የቆምነው ሴቶች ከተለያየ ክልል ነን፤ አንዳችን የሌላችንን ቋንቋ እንኳ በደንብ አንሰማም ነበር። ያን ቀን ግን ሁላችንም አንድ ሰው ሆንን። ጋርቬይ ሊሞን ላይ ምን እንደተሰማው ማንም ሊያስረዳኝ አያስፈልግም። እባክህ ቀጥልበት ወንድሜ።

ታዛቢ ጻፈ፦

እኔ ትንሽ ልቃወም። ጉዞ ያስተምራል፣ አዎ። የተሳሳተ ነገርም ያስተምራል። ጋርቬይ በየሄደበት ጥቁሩ ከታች፣ ነጩ ከላይ ሆኖ አየ። ከዚያ ምን ደመደመ? ‘ነጭ በየትም አገር ያው ነው፤ ከሱ ጋር መታገል ከንቱ ነው፤ የራሳችን መንግሥት ብቻ ነው የሚያድነን’ አለ። ይህ ድምዳሜ ነው በ1922 አትላንታ ወስዶ ከነጭ ዘረኞቹ ቡድን ከኩ ክላክስ ክላን አለቃ ጋር ያስቀመጠው። ክላኑ ሰው እየሰቀለ በነበረበት ዘመን! የአሜሪካ ጥቁሮች መሪዎች የነበሩት ዱ ቦይስና ፊሊፕ ራንዶልፍ በዚህ ነው ደማቸው የፈላው። ያልተገባ ነው ብለው የተነሱበትም በምቀኝነት አይመስለኝም።

ሊሞን ላይ ጥቁሩ ባይተዋር ነው። ፓናማም ባይተዋር ነው። አሜሪካ ግን ከ1619 ጀምሮ እዚያው የነበረ፣ ያረሰ፣ የሞተ ሕዝብ ነው። ‘መብቴን እዚሁ’ ማለት ይችላል፤ አለም። ጋርቬይ ሁለቱን ለይቶ አላየም። በስደተኛ ዓይን ነው ያያቸው።

ባሕር ተሻጋሪ ጻፈ፦

ጋሽ ቀለሙ፣ እጅ ነስቻለሁ። የአድማውን ነገር ከሊሞን ጋር አያይዤው አላውቅም ነበር። ፎርማንም ታይምኪፐርም በአሠሪውና በሠራተኛው መሃል የሚቆሙ ሰዎች ናቸው። ሁለቴም እዚያ መሃል ላይ ቆመ፤ ሁለቴም ወደ ሠራተኛው ዞረ።

እህቴ፣ ያሳለፍሽውን እግዜር ይካስሽ። እንኳን በሰላም ወጣሽ።

ታዛቢ፣ ስለ ክላኑ የምትለውን እቀበላለሁ። ምንም ማመካኛ የለውም። ‘በስደተኛ ዓይን ነው ያየው’ የሚለውንም ወድጄዋለሁ። ግን የዚያ ዓይን ጥቅም ይታይህ። የአሜሪካው ጥቁር መሪ የሚያስበው ስለ አሜሪካ ጥቁር ነበር። የጃማይካው ስለ ጃማይካ። ሁሉንም በአንድ ማኅበር፣ በአንድ ጋዜጣ፣ በአንድ ባንዲራ ሥር ላሰባስብ ብሎ የተነሳው ሁሉንም ዞሮ ያየው ሰው ነው።

አሁን ለንደን። የማውቀውን ልጻፍና ለንደን ያላችሁ አርሙኝ። እህቱ ኢንዲያና እዚያ ትሠራ ነበር። በርክቤክ ኮሌጅ ትምህርት ተከታተለ። ፓርላማ እየገባ ክርክር ያዳምጣል፤ ሃይድ ፓርክ ላይ ቆሞ ይናገራል። ከዚያ የአሜሪካዊውን ጥቁር መምህርና መሪ የቡከር ቲ ዋሽንግተንን የሕይወት ታሪክ አነበበ። በ1923 ስለ ራሱ ሲጽፍ ያኔ የጠየቀውን ጥያቄ እንዲህ ብሎ አስፍሮታል፦ የጥቁር ሰው መንግሥት የት አለ? ንጉሡና መንግሥቱስ የት አለ? ፕሬዚዳንቱ፣ አገሩ፣ አምባሳደሩ፣ ጦሩ፣ ባሕር ኃይሉ፣ ታላላቅ ሰዎቹስ? ፈልጌ አጣኋቸው ይላል። እንዲፈጠሩ እረዳለሁም አለ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ ጻፈ፦

ይቺ ጥቅስ ሁሌ ታበሽቀኛለች። ‘ንጉሡ የት አለ’ ሲል በ1914 እኛ የት ነበርን? ዓድዋ 18 ዓመት አልፎታል። ምኒልክ ከሞቱ ገና ዓመት አልሞላም። መንግሥት አለ፣ ጦር አለ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የፈረንጅ አገር ሌጋሲዮን ሁሉ ተከፍቷል። ሃይቲ አለች። ላይቤሪያ አለች። ፈልጌ አጣሁ ማለት ምን ማለት ነው?

ባሕር ተሻጋሪ ጻፈ፦

ጥያቄህ የሚገባ ነው ወንድሜ። እኔ የምመልሰው በሊሞኑ በር ነው። ለሙዝ ለቃሚው ዓድዋ ክብር ነው፤ ኩራት ነው። ግን ሊሞን ላይ በሩን የሚከፍትለት የጥቁር አገር ቆንስል የለም። ኮሎን ወደብ ላይ የሚቆም የጥቁር አገር መርከብ የለም። ጋርቬይ የሚፈልገው ሰው ሲበደል የሚሄድበትን ቦታ ነው። ላባ ያለውን ባርኔጣና የክብር ስሞቹን ብዙ ሰው ሳቀባቸው። እኔ አልስቅም። ያችን ያልተከፈተች በር አስባለሁ።

ኢትዮጵያንማ መች ረስቷት! ‘ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች’ የሚለው መዝሙር ከአፉ አይጠፋም ነበር። በነሐሴ 1920 ኒውዮርክ ላይ የማኅበሩ ትልቅ ጉባኤ የሕዝቡ መዝሙር ብሎ ያጸደቀው ኢትዮጵያን የአባቶቻችን ምድር እያለ የሚጠራ ነው።

ቴምዝ ዳር ጻፈ፦

ለንደን ካላችሁ አርሙ ስላልክ ትንሽ ልጨምር። ትልቁ ነገር ኮሌጁ አይደለም። ፍሊት ስትሪት ቁጥር 158 ነው። እዚያ ዱሴ መሐመድ አሊ የሚባል ሰው በ1912 ‘አፍሪካን ታይምስ ኤንድ ኦሪየንት ሪቪው’ የተባለ መጽሔት ጀምሮ ነበር። ሰውየው ራሱ እንደሚለው የግብፅና የሱዳን ዘር ያለው፣ ድሮ ተዋናይ የነበረ ነው። ቢሮው ከምዕራብ አፍሪካ፣ ከህንድ፣ ከግብፅ የሚመጣ ተማሪና ነጋዴ የሚያርፍበት ቤት ነበር። ጋርቬይ እዚያ በተላላኪነት ነው የገባው። ሻይ የሚያመጣ፣ ደብዳቤ የሚያደርስ ልጅ ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ የሚያውቀው ከካሪቢያን የወጣውን ጥቁር ብቻ ነው። አፍሪካዊ ከነስሙ፣ ከነጉዳዩ ተቀምጦ ሲያወራ የሰማው እዚህ ነው።

በጥቅምት 1913 ደግሞ ራሱ እዚያው መጽሔት ላይ ጻፈ። ከካሪቢያን የሚነሳው ሕዝብ የተበተነውን ዘር አንድ እንደሚያደርግ ይተነብያል። የተላላኪው ልጅ ጽሑፍ ነው እንግዲህ!

የመርከቡን ነገር ሳትጠቅስ እንዳታልፍ። ሰኔ 1914 ከሳውዝሃምፕተን ሲመለስ አብሮት የተሳፈረ አንድ የካሪቢያን ሰው ነበር። ከባሱቶላንድ፣ ከዛሬዋ ሌሶቶ፣ ባሱቶ ሚስቱን ይዞ ወደ አገሩ እየተመለሰ ነው። እዚያ ያየውን ግፍ አወራለት። ጋርቬይ ያን ሌሊት ጋደም ብሎ ሲያስብ የማኅበሩ ስም እንደመጣለት ጽፏል። ጃማይካ በደረሰ በአምስተኛው ቀን ማኅበሩን አቋቋመ።

ጠያቂው ጻፈ፦

እኔ ከጋርቬይ ወጣ ልበልና ንክሩማህን ልጥቀስ። በ1935 ገና ተማሪ ሆኖ ወደ አሜሪካ ሲያልፍ ለንደን ላይ የጋዜጣ አዟሪ ማስታወቂያ አየ፦ ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ወረረ የሚል። ለንደን በሙሉ በእኔ በግሌ ላይ ጦርነት ያወጀ መሰለኝ ብሎ ጽፏል። መንገደኛ ነው፤ ከተማዋን አያውቃትም፤ ሰዉ ዜናውን እያየ ያልፋል። የሱ ፖለቲካ እዚያ አስፋልት ላይ ነው የተወለደው። አገሩ ነጻ ስትወጣ የጋና የመርከብ ድርጅት ስሙ ማን እንደተባለ ታውቃላችሁ? ብላክ ስታር ላይን።

ታዛቢ ጻፈ፦

አሁን ደግሞ ልደግፍህ፣ ባሕር ተሻጋሪ፤ ግን በሌላ በኩል። ጋርቬይ በዓይኑ ያየውን አልሳተም። ሊሞንን አልሳተም፤ ፓናማን አልሳተም። የሳተው ያላየውን ነው። አፍሪካን እድሜ ልኩን አልረገጣትም! ከለንደን፣ ከሃርለም ሆኖ ነው የሳላት። ወደ ላይቤሪያ ሰው ላከ። በ1920 የላከው ሰው የጻፈለት ሪፖርት ከአሜሪካ የተመለሱት ጥቁሮች ነባሩን ሕዝብ እንዴት እንደሚጨቁኑ በግልጽ ይናገራል። ጋርቬይ ግን ገፋበት። በ1924 ላይቤሪያ የማኅበሩን ሰዎች አናስገባም አለች። በ1926 ደግሞ ለአሜሪካኖቹ ፋየርስቶን ጎማ ኩባንያ እስከ አንድ ሚሊዮን ኤከር መሬት ለ99 ዓመት በኪራይ ሰጠች። ሊሞን ላይ የሸሸውን የመሰለ ኩባንያ የላይቤሪያ ዋና ከተማ ሞንሮቪያ ላይ ቀድሞት ገባ። አንድ ወር እንኳ ሞንሮቪያ ተቀምጦ ቢሆን ያ ታይምኪፐር ዓይኑ ይህን ያጣዋል ብዬ አላምንም።

ባሕር ተሻጋሪ ጻፈ፦

ይህን እኔ ራሴ ብጽፈው በወደድኩ። ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። አንድ ነገር ብቻ ላክል። በ1936 ጃንሆይ ለንደን ስደት ሲገቡ ጋርቬይም እዚያው ነበር የሚኖረው። ወረራው ሲጀመር ለኢትዮጵያ ጮኋል። ኋላ ግን በራሱ መጽሔት ንጉሡን ክፉኛ ተቸ፤ አገር ጥለው ወጡ፣ ጥቁርነታቸውን አልተቀበሉም ብሎ። ለኛ ለአንባቢዎቹ ይህ ያማል። ማይጨው ላይ የሆነውን፣ የመርዝ ጋዙን፣ የጄኔቫን ነገር ከሩቅ ሆኖ ነው የፈረደው። ያየውን ቢፈርድ ኖሮ እንዲህ አይልም ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሻንቲ ጻፈች፦

ይህን ሁሉ ስታወሩ የኤሚ አሽውድን ስም ማንም አላነሳም። ማኅበሩን በ1914 አብራው ያቋቋመችው እሷ ናት፤ በ17 ዓመቷ! ልጅነቷን ያሳለፈችው ደግሞ ፓናማ ነው። አባቷ እዚያ ይሠራ ነበር። ጋርቬይ ጎብኝቶ ያየውን ወርቅና ብር እሷ አድጋበታለች።

አገቡ፤ በወራት ውስጥም ተለያዩ። እሷ ግን መንገዷን አላቆመችም። በ1935 ለንደን ላይ የአቢሲኒያ አፍሪካውያን ወዳጆች ማኅበር ሲቋቋም ከሲ ኤል አር ጄምስና ከጆሞ ኬንያታ ጋር ነበረች። በ1945 ማንቸስተር ላይ አምስተኛው የፓን-አፍሪካ ጉባኤ ሲከፈት መድረኩን የመራችው እሷ ናት። በ1940ዎቹም ምዕራብ አፍሪካ ገብታ የቅድመ አያቶቿን ወገን አሻንቲ ምድር ድረስ ሄዳ አገኘች። ታዛቢ፣ ‘አፍሪካን ቢረግጥ ኖሮ’ ያልከውን እሷ ረግጣዋለች። እዚያም ስለ ሴቶቹ ኑሮና ሥራ ነው አጥብቃ የጠየቀችው። ስለ ጋርቬይ የሚጻፍ ሁሉ እሷን በአንድ መስመር ማለፉ ይቆጨኛል።

የአራዳ አንባቢ ጻፈ፦

እህቴ አሻንቲ፣ እሰይ! እኔም አንድ ሰው ይጨመርልኝ፤ ይህ ደግሞ የኛው ሰፈር ታሪክ ነው።

ባሕር ተሻጋሪ የጠቀሰውን የኢትዮጵያ መዝሙር ዜማ ካወጡት አንዱ አርኖልድ ፎርድ ይባላል። የባርቤዶስ ሰው ነው። ሃርለም ላይ የጋርቬይ ማኅበር የሙዚቃ መሪ ነበር። መዝሙር አውጥቶ አልቀረም፤ ተነስቶ መጣ። በኅዳር 1930 የንግሥ በዓሉ ላይ አዲስ አበባ ነበር። ሌሎችም ተከተሉት። ብዙዎቹ ኑሮው ሲከብዳቸው ተመለሱ። እሱ እዚሁ ቆየ፤ በ1935 ጣሊያን ሊገባ ሲል እዚሁ አረፈ።

ባለቤቱ ሚኞን ፎርድ ግን ልጆቿን ይዛ የጣሊያንን አምስት ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ አሳለፈች። ጣሊያን ሲወጣ ልዕልት ዘነበወርቅ ትምህርት ቤትን ከፈተች። የኛ ሰው ስሙን ያውቀዋል፤ የከፈተችው የካሪቢያን ሴት መሆኗን ግን ስንቱ ያውቃል? ልጇ ፕሮፌሰር አብይ ፎርድ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነት አስተምረዋል።

ስለዚህ ጋርቬይ አልመጣም ብላችሁ አትዝጉት። ማኅበሩ መጥቷል፤ ልጅ ወልዷል፤ ተማሪ አስተምሯል። እዚያ ትምህርት ቤት ወላጆቻችሁ ወይ አያቶቻችሁ የተማሩ ካላችሁ ስለ ሚስስ ፎርድ የነገሯችሁን እዚህ ጻፉልን። ፎቶም ካለ አያይዙ።